መነጵር

በዘጠኝ ዓመቴ እናቴ ልትታወር ነው ብዬ አመንኩ። የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ በጆሮዬ የገባውን በገዛ ልቤ አብስዬ የደረስኩበት ነው። ልጅ የሰማውን ግማሽ ይይዝና የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። የእኔ መሙያ ደግሞ ሁልጊዜ ከዋናው ይበዛ ነበር።

አባቴና ታላቅ ወንድሙ አብረው የከፈቱት ሱቅ ነበር። በሩ ላይ «የወንድማማቾቹ መነጽር ቤት» ይላል። አባቴ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሞተ ከወንድማማቾቹ የቀረው አንድ ነው፤ ሰሌዳውን ግን ማንም አልነካውም። ከፊት ፍሬሞች የተደረደሩበት የመስታወት መደርደሪያ አለ። ከጎኑ አጎቴ ደንበኛ የሚያነጋግርበት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ አባቴ በእጁ የጻፈው የፊደል ሰንጠረዥ። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ እናቴና የመሞረጃው ድንጋይ። ድንጋዩ ውሃ እየጠጣ ሲዞር የሚያወጣው የሲርታ ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴ ውስጥ አለ። እናቴ ሌንሱን በሁለት ጣቷ ይዛ ጠርዙን ታስነካዋለች፣ ወደ መስኮቱ አንስታ ታየዋለች፣ መልሳ ታስነካዋለች። እኔ እግሯ ሥር በርጩማ ላይ ሆኜ የቤት ሥራዬን ስሠራ ጸጉሬ ላይ የመስታወት ጭቃ ይንጠባጠብብኛል።

ሰንጠረዡን በቃሌ እወጣው ነበር። ከላይ አንድ ግዙፍ ሀ፣ ከዚያ እያነሱ እያነሱ የሚወርዱ ፊደሎች፣ መጨረሻው መስመር ላይ ጉንዳን አክለው ጰ ጸ ፀ። አባቴ «የሚያየውን ሰውና አያለሁ ባዩን የምትለየው ይቺ መስመር ናት» ይል እንደነበር እናቴ ነግራኛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ አስተማሪ መጥቶ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ደረጃ ሲወርድ ወለሉ እየሸሸበት ሁለት ጊዜ ወድቋል። የቀኙ ሌንስ በግራ፣ የግራው በቀኝ ገብቶ ነበር። አጎቴ መጋረጃውን ገልጦ እናቴን ጠራት። ተከትያት ወጣሁ። ሦስት ደንበኞች ተቀምጠው ያያሉ። አጎቴ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ፣ ድምፁን እንደ ሐኪም ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ዓይንሽ ደክሟል» አላት። «አልፈርድብሽም። ዓይን ዕቃ ነው፣ ያልቃል። ከእንግዲህ ዕረፊ።»

እናቴ የእጇን ውሃ በሽርጧ ጠረገች። «ይሁን ጋሼ» አለች፤ «እርስዎ ካሉ።»

ያ እጅ፣ ያ ድምፅ! አጎቴን የዚያን ቀን የወደድኩትን ያህል ማንንም ወድጄ አላውቅም። የእናቴን ሕመም ከእናቴ ቀድሞ ያወቀ ሰው መሰለኝ።

ዛሬ የማውቀው ይህን ነው፤ የአስተማሪውን መነጽር የገጠመው አጎቴ ራሱ ነበር። እናቴ በዚያ ሰሞን ትኩሳት ይዞኝ ከእኔ ጋር ቤት ነበረች። ትኩሳቴ ሊነሳብኝ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ በአባቴ ቦታ የእሷ ስም እንዲገባ ጠይቃው ነበር። ዓይኗ የደከመው እንግዲህ በዚያው ሳምንት ነው።

ከሱቁ ይዛ የወጣችው የአባቴን የመሞከሪያ ሳጥን ብቻ ነው። አጎቴ «ውሰጂው፣ ያረጀ ነው» አላት። ውስጡ በቀይ ከፈይ ላይ በቁጥራቸው የተደረደሩ ክብ ሌንሶችና አንድ ከባድ የብረት ፍሬም አለው፤ ሌንሶቹን እያወጡ እያስገቡ የሰው ዓይን የሚለኩበት። እኔ ነኝ የተሸከምኩት። መንገዱን ሙሉ ሌንሶቹ ሆዴ ላይ ሲንሿሹ እናቴ ከኋላዬ ትራመዳለች። መንገዱ እንዳይጠፋባት ቀስ አልኩላት።

አዲሱ ሱቃችን ከአንዲት ጸሐፊ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ ክፍል ነው። ጸሐፊዋ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ኮፒ ታነሳለች፣ ኢንተርኔት ታስጠቅማለች። ደንበኛውን ሁሉ «ሰርዝና እንደገና» ስለምትል ሰፈሩ እትዬ ሰርዝ ይላታል። የእሷ ቤት እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ አለው። የእኛ ደጅ ግን ጭር ያለ ነው። እናቴ በዱቤ የገዛችውን የመሞረጃ ድንጋይ ጠዋት በውሃ ታርሳለች፣ ማታ ደርቆ ታገኘዋለች።

አንድ ቀን እትዬ ሰርዝ በራችን ላይ ተደግፋ ስታወራት ሰማሁ። ሰው ዛሬ በእግሩ አይፈልግም አለቻት፣ በጣቱ ነው። ስልኩ ላይ መነጽር ብሎ ይጽፋል፤ የሚወጣለት ባለ ሰሌዳው አማችሽ ነው። «አንቺን ሁለተኛው ገጽ ጀርባ አገኘሁሽ እቴ። እዚያ ድረስ የሚገልጥ ሰው አልተወለደም።»

ይህችም ቃል ከእኔ ጋር ቀረች። አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሰብኩ። የፊተኛው ገጽ ላይ አጎቴ በወርቅ ቀለም ተጽፏል፤ እናቴ ከበስተጀርባ፣ ብርሃን በማይደርስበት። ዓይኗ ስለደከመ ገጿን ማንበብ አልቻለችም፤ ለዚህ ነው ሰው የማያገኛት።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጡ። የፈለጉት አጎቴን ነው፤ ስልካቸው አላገኝም ብሏቸው እትዬ ሰርዝን ሊጠይቁ ነበር። እናቴ በትህትና ተቀበለቻቸው፣ አስቀመጠቻቸው፣ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ብዙ ቆየች።

«አባቴ፣ ምን ብለው ነው የጻፉት?»

«መነጽር ነዋ።»

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

ሽማግሌው ስልኩን ክንዳቸው እስከሚደርስ አርቀው «መ፣ ነ፣ ጽ፣ ር» አሉ፣ እንደ ተማሪ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ግን መነጵር ነው። ከሥሩ ምንም አልተገኘም ይላል።

እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም፤ አፏን በሽርጧ እስክትሸፍን። እኔ ግን ስልክ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ማንበብ ያቃታት ሴት ስትስቅ ነው ያየሁት። ዕብደትም ተጨመረባት አልኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳጥኑ ተከፍቶ ጠበቀኝ። እናቴ የብረቱን ፍሬም አፍንጫዬ ላይ ሰካችው። ክብደቱ አንገቴን ወደ ደረቴ ጎተተው። ሁለት ወፍራም ሌንስ ስታስገባበት ክፍሉ ሟሟ፤ እናቴ ጭስ ሆነች። ስልኳን እጄ ላይ አስቀመጠች።

«ጻፍ።»

«ምን ልጻፍ?»

«መነጽር። እንዳትጨነቅ፣ ዝም ብለህ እንደመሰለህ ጻፍ።»

ጣቴን ጭጋጉ ውስጥ ሰድጄ ጻፍኩ። ሌንስ ቀየረች፤ ጻፍኩ። አንዱ ሌንስ ፊደሎቹን ያቀልጣቸዋል፣ ሌላው ያጣምማቸዋል፣ ሌላው አንዱን ሁለት ያደርገዋል። እሷ በስተግራ የሌንሱን ቁጥር፣ በስተቀኝ የጻፍኩትን በደብተር ታሰፍራለች። ወነጽር። መኘጽር። መነጸር። መነጵር፣ መነጵር፣ አሁንም መነጵር። በትክክል ስጽፍላት ፊቷ ይጠቁራል፣ ስሳሳት «ጎበዝ የኔ ልጅ» ትለኛለች። በሌላ ቤት እንዲህ ያለች እናት ብትኖር ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ ታስጽፍ ጀመር። ኮፒ ሊያነሳ የተሰለፈውን ሽበታም ሁሉ እየለመነች፣ መነጽሩን አስወልቃ ስልክ ታስይዘዋለች። አንዷ ሴትዮ እንደምትናገረው መነጥር ብላ ጻፈች። አንዱ ሹፌር በሌላኛው ፀ ጻፈውና ትክክለኛው ይሄ ነው ብሎ ከእናቴ ጋር ሊጣላ ደረሰ። ደብተሩ ወፈረ።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ሕመሙ የዘር ነው፤ እየመረመረችኝ ነው፤ በሽታዬ እየጸና ሲሄድ ጎበዝ የምትለኝ ሆዴ እንዳይባባ ነው። አለቀስኩ፣ ግን አላሳየኋትም። ለሁለታችንም እንዲሆን ዓይኔን ጨፍኜ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ውሃው ባልዲ መራመድ ተለማመድኩ። ቅንድቤን በመስኮቱ እጀታ ሰነጠቅኩት። ጠባሳው አሁንም አለ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ወድቄ ነው እላለሁ።

በመጨረሻ ሊያድነን የሚችል አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ ሰርቄ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ።

አጎቴ ፍሬም ያብስ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። እናቴ ፊደል እንደጠፋት፣ ስህተት እንደምትሰበስብ፣ እኔንም በሌንስ እንደምትመረምረኝ። ደብተሩን አገላበጠው። ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሊያለቅስ መስሎኝ ክንዱን ያዝኩት። ከዚያ ሳቁ አፈተለከ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም አለ። ፍሬም የሚደረድረውን ሠራተኛ ጠርቶ አስነበበው። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። ሲጠግብ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና መነጽር ብሎ ጻፈበት። ከላይ የእሱ ሱቅ ወጣ፣ ከነፎቶው።

«አየህ?» አለኝ ጸጉሬን እያሻሸ። «በትክክል የጻፈ ሁሉ የእኔ ነው። ስህተቱን ለእናትህ በላት። መርቄላታለሁ።»

ምርቃት! እየሮጥኩ ተመለስኩ። እናቴ ድንጋዩ ላይ ነበረች። አጎቴ ይወድሻል፣ ስህተቱን ሁሉ መርቆልሻል አልኳት፤ ደብተሩንም በኩራት መለስኩላት። ድንጋዩ ዞሮ ዞሮ ቆመ። እናቴ ደብተሩ ላይ ያረፈውን የአጎቴን የጣት አሻራ በሽርጧ ጫፍ ጠረገች።

«አየው?»

«ሁሉንም። በጣም ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«መርቄላታለሁ በላት አለኝ።»

ትመታኛለች ያልኩበት ቅጽበት ነበር፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ። ግን ዓይኗን ወደ መስኮቱ አነሳች፤ ሌንስ እንደምታይበት።

«አሜን» አለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሜን ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ ግን የትም አልሰማሁም። ቂም ይዞ ጸሎት አያርግም ይባላል። የእናቴ አርጓል፣ ደርሷልም።

በሳምንቱ እትዬ ሰርዝ ደብተሩን ፊቷ ዘርግታ በኮምፒውተሯ አንድ ገጽ ሠራችልን። እናቴ ከጎኗ ቆማ ታነባለች፣ እሷ ትጽፋለች፤ ያቺ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ስህተት ስትሰርዝ የኖረች ሴት «ጣቴ እምቢ አለኝ እኮ» እያለች። መነጵር። መነፅር። መነጥር። ወነጽር። መኘጽር። መነጸር። መንጽር። ሰማንያ ሁለት ዓይነት። ከሥራቸው አንድ መስመር፤ «መነጽር ለማለት ነው? ገብቶናል። እዚህ ነን።» አድራሻው። የእናቴ ስም የለበትም።

ዛሬ አሳስቶ የጻፈም የፈለገውን አያጣም፤ የመፈለጊያው ማሽን ራሱ አርሞ ይህን ለማለት ነው ወይ ይላል። ያኔ ግን የእኛን ፊደል ገና አልተማረም ነበር። ጸ እና ፀ ለእሱ ባዕድና ባዕድ ናቸው። ሰው ያሰበውን አያውቅም፣ የጻፈውን ብቻ ያያል። በዓለም ላይ መነጽር የሚለውን ቃል አሳስቶ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ማን ነው? መነጽር የሚያስፈልገው። የሚያይ ሰውማ በትክክል ጽፎ የአጎቴን ፍሬም አማርጦ፣ ለክቶ፣ መልሶ ይወጣል። የማያየው የእኛ ነው። እናቴ ይህን ያወቀችው ከአንድ ሽማግሌ ስልክ ነው፤ አጎቴ ደብተሩን ሙሉ አገላብጦ አላየውም።

መጡ። መጀመሪያ በቀን አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ በርጩማዬን ለቀቅኩላቸው። ግድግዳ እየዳሰሱ፣ በልጅ ልጅ እየተመሩ፣ የእኛን በር አልፈው የእትዬ ሰርዝን እያንኳኩ። እናቴ ሁሉንም አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ «እንዴት ብለው ጻፉ? ያሳዩኝ።» አዲስ ስህተት ስታገኝ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች፣ በማግስቱ ገጹ ላይ ይገባል። አይተው የወጡት ደግሞ በየስልካቸው ስለ እኛ ጥሩ ጥሩውን ጻፉ፤ በአዲሱ መነጽራቸው፣ ያለ አንድ ስህተት። እትዬ ሰርዝ እንዳለችው ማሽን እንደ በግ ነው፣ ሌላው በሄደበት ይሄዳል። ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል በትክክል የጻፈም ሰው እኛን ማግኘት ጀመረ። አጎቴ ሠራተኛውን አሰናበተ ሲሉ ሰማሁ። አዘንኩለት። ደጉ አጎቴ፣ መርቆልን ራሱ ጎደለበት ብዬ።

አሁን ድንጋዩን የማዞረው እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ሌላ ነገር አላማረኝም። መስኮቱ አጠገብ ብቻዬን ተቀምጬ ሌንስ ስሞርድ ብዙ ነገር ይታየኛል፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን ያ ጠዋት ነው። የወጋ ይረሳል ይላሉ። እኔ ባልወጋም የረሳሁት ነገር የለም። የተወጋችው እናቴ ናት፣ ሕመሙን የወረስኩት እኔ። የዘር ነው ያልኩት እንግዲህ ጨርሶ አልተሳሳትኩም።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ሊሞላኝ ነበር። ሦስት ደንበኞች ተቀምጠዋል። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመ፤ እጁ ላይ ያለው ስልክ «ደርሰዋል» አለ።

አጎቴ ነው። ኮቱ የተቦረሸ፣ ጫማው በተለያየ ክር የታሰረ። በኋላ እንደሰማነው፣ መነጽር ሻጭ መነጽር አደረገ እንዳይባል ዓይኑን ለዓመት ደብቆ ነበር። በሰፈሩ ማንም እንዳያየው ራቅ ያለ ቦታ ነው የፈለገው። ወደ ውስጥ አጮለቀ። የእናቴን ሽርጥ እንጂ ፊቷን አላየም።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ» አላት፣ በሙሉ ክብር። «እርስዎ ጋ ጥሩ መነጽር ይሠራል ሲሉ…»

«ይቀመጡ ጋሼ» አለች።

ድምፁን ሲለይ አየሁ። ጉልበቱ ወደ በሩ አሰበ፤ ግን ያመጣው ስልክ ነበር፣ የመመለሻውን መንገድ አያየውም። ተቀመጠ። ዓይኑን ወደ ሰንጠረዡ አነሳ፤ እትዬ ሰርዝ ከአባቴ ሰንጠረዥ አስመስላ ያተመችልን ነው። አፉን ሊከፍት ሲል እናቴ ቀደመችው።

«እሱንማ በቃልዎ ያውቁታል። ስልክዎን ይስጡኝ።»

ሰጣት። ወደ እኔ አዞረችው። መነጵር ይላል። ከሥሩ የእኛ ቤት። መልሳ ፊቱ ያዘችለት።

«ምን ብለው ነው የጻፉት?»

«መነጽር።»

«ያንብቡልኝ።»

«መ፣ ነ…» ሦስተኛው ፊደል ላይ ሲደርስ ቆመ። ደብተሩ ትዝ ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ሦስቱ ደንበኞች ያያሉ። እናቴ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች፣ ድምፅዋን እንደ ሐኪም ዝቅ አደረገች።

«ዓይንዎ ደክሟል» አለችው። «አልፈርድብዎትም።»

ደብተሩን ከፍታ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስሙንና ስህተቱን ጎን ለጎን ጻፈች። ከዚያ የአባቴን ሳጥን አወጣች፤ ያረጀውን። አንድ በአንድ እየቀያየረች ለካችው፤ ለማንም እንደዚያ ተጠንቅቃ አታውቅም። ሌላውን ደንበኛ ለነገ የምትቀጥረውን ሥራ ለእሱ እዚያው ተቀምጦ እያያት ሠራችለት። ድንጋዩ ሲርታውን ለቀቀው። ሌንሱን ወደ መስኮቱ አነሳች፣ አየች፣ መልሳ አስነካች፤ ከጸጉር የቀጠነ ነገር ነበር የምታነሳው። በርጩማዬ አጠገብ ቆሜ ሳያት እንባዬ መጣ። ይቅር አለችው ብዬ ነው። ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ከየት ይመጣል አልኩ።

አንዲት ጭረት ሳይኖርበት የሠራችለት ለምን እንደሆነ የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

መነጽሩን በገዛ እጇ አፍንጫው ላይ አስቀመጠችለት፣ ጆሮው ላይ አስተካከለች። ፊቱ ተፈታ። ሲያያት፣ ሲያየኝ፣ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ ሲያይ አየሁት። እናቴ ስልኩን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«አሁን ጻፈው» አለችው።

አንተ ስትለው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ጻፈ። በአንድ ጣቱ፣ ቀስ እያለ። መ። ነ። ጽ። ር። አንድም አልሳተ። ከሥሩ፣ ከሁሉ በላይ፣ የእኛ ቤት ወጣለት። ስልኩን አስጠግቶ አየው። አርቆ አየው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አየው።

ሌንሱ ምንም ስህተት አልነበረበትም።